«ሰክሮ ነበር» ማለት ይበቃል?

ጥያቄ፦ አዳማ ከተማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አለኝ። ባለፈው ክረምት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ የቤት መኪና መንገድ ታቋርጥ የነበረች ሴት ገጭቶ ገደለ። ሹፌሩ ሲወርድ ይንገዳገድ ነበር፤ አፉም መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቼ፣ አሁን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶኛል። ቤተሰቦቹ ግን «ከሟች ወገን ጋር ታርቀናል፤ አንቺም ቃልሽን አለዝቢው» ብለው ሽማግሌ ላኩብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሲቀጣ፣ በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሶ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ አጥብቆ የሚይዝዎት እዚህ ላይ ነው። «ሰክሮ ነበር» የሚለው ድምዳሜ ነው፤ ድምዳሜው የዳኛው ነው፣ የእርስዎ ድርሻ ያዩትና የሰሙት ነው። በምን ያህል ርቀት ላይ ቆመው እንደነበር፣ መብራቱን፣ አረማመዱን፣ ሲናገር ቃላቱ ይጠሩ እንደነበር በየተራ ይናገሩ። በግጭት የደነገጠ ወይም ጭንቅላቱ የተመታ ሰውም ሊንገዳገድ እንደሚችል ቢጠየቁ፣ «ሊሆን ይችላል» ማለት ምስክርነትዎን አያፈርሰውም።

ብዙ ምስክር የሚዘነጋው ሰዓቱን ነው። የሰው ሰውነት አልኮልን በአማካይ በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል ስለሚያስወግድ፣ ሹፌሩ የተመረመረው ከግጭቱ ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ከሆነ ውጤቱ ከግጭቱ ጊዜ በግማሽ ግራም ገደማ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ 3 ሰዓት ተኩል መሆኑን በምን እንዳወቁ፣ ሻይ ቤቱን ሲዘጉም ቢሆን፣ ያስታውሱ። ለፖሊስ የሰጡት ቃል ከችሎቱ ቃልዎ ጋር ሊነጻጸር ስለሚችል፣ የረሱትን «አላስታውስም» ይበሉ እንጂ በግምት አይሙሉት።

ስለ ሽማግሌዎቹ፣ እርቅ የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ክሱን የያዘው ግን ዐቃቤ ሕግ በመሆኑ በቤተሰቦች ስምምነት ብቻ አይዘጋም። ቃልን ማለዘብ የሚሉት በቃለ መሐላ ሲሆን አንቀጽ 453 የሚቀጣው የሐሰት ምስክርነት ነው። በአክብሮት ሸኝተዋቸው፣ መምጣታቸውን ለዐቃቤ ሕጉ ያሳውቁ።

በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በአማርኛ መመስከር የሚቀልዎት ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ ከቀጠሮው ቀን በፊት ይጠይቁ።