መከታ የሌለው ጣራ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሬ በተራ እያነበብኩ ነው። ዘዳግም ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። ስለ ጣራ መከታ፣ ስለ በሬ አፍ፣ ስለ ቃርሚያ ይናገራል። እኔ እርሻም በሬም የለኝም፤ የምኖረውም በኪራይ ቤት ነው። ወንድሜ «አንድ ቃል ሳትቀንሺ እንደ ተጻፈው ኑሪ» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ዘመኑ ተለውጧል፣ ዋናው ፍቅር ነው» ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ላንቺም ሰላም ይሁን እህቴ። ዘዳግምን ሳትዘይ ማንበብሽ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙዎቻችን እዚያ ስንደርስ ገጽ እንገልጣለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አደርግ ነበር።

ከጣራው እንጀምር። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በዚያ አገር ጣራ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይውልበታል። የኢያሪኮዋ ረዓብ የእስራኤልን ሰላዮች የደበቀችው ጣራ ላይ በተልባ እግር ውስጥ ነው። ጴጥሮስም ሊጸልይ የወጣው ጣራ ላይ ነበር። ትእዛዙ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ማንም ወድቆ በቤትህ ላይ ደም እንዳታመጣ ይላል። እንግዲህ እግዚአብሔር የሚጠብቀው ግንቡን ሳይሆን ሰውን ነው።

አንድ ቀን ባላለቀ ፎቅ ደረጃ ላይ ልጆች ሲሯሯጡ አየሁ። መደገፊያ ብረት አልነበረውም። ትንሿ ልጅ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ጫፍ ጫፉን ትሄድ ነበር። ሮጬ አወረድኳት። ያን ቀን ማታ ጥቅሱን ደግሜ ሳነበው አዲስ ሆነብኝ። ጠፍጣፋ ጣራ የለኝም ብዬ የዘለልኩት ቃል ስለዚያች ልጅ ይናገር ነበር። ያልተከደነ ጉድጓድ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ፍሬኑ የማይዝ መኪና፣ እነዚህ ሁሉ መከታ የሌላቸው ጣራዎች ናቸው።

ይህን አነባበብ እኔ አልፈጠርኩትም። በሬውን ተመልከቺ። ቀኑን ሙሉ እህል ሲያበራይ ይውላል፤ ሽታው አፍንጫው ሥር ነው። አፉ ከታሰረ አንዲት ፍሬ አይቀምስም። ሕጉ ይህን ከለከለ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ ጠቅሶ «እግዚአብሔርስ ስለ በሬዎች ይገደዋልን?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም ወንጌልን ለሚያገለግሉ ሰዎች አዋለው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 ደግሞ ከሠራተኛ ደመወዝ ጋር አያያዘው። ሐዋርያው ከፊደሉ ወደ ሐሳቡ ሄዷል። የሠራተኛውን ደመወዝ ያለ ምክንያት የሚያዘገይ ሰው በሬ ባይኖረውም የበሬ አፍ አስሯል።

ለወንድምሽ ክብር አለኝ፤ ቃሉ እንዳይሸረሸር መፍራቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ጌታ «ቀኝ ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት» ሲል እርሱም ቃል በቃል እንደማይፈጽመው እርግጠኛ ነኝ። «በተቀደሰ አሳሳም ሰላምታ ተሰጣጡ» የሚለውንም ብዙ ምእመናን በመጨባበጥ ወይም በእጅ መንሣት ይፈጽሙታል፤ ሰላምታው ግን ከልብ ሊሆን ይገባል።

ለጓደኛሽ ግን ትንሽ ጠንከር ማለት አለብኝ። «ዋናው ፍቅር ነው» እውነት ነው። ችግሩ ይህን የምንለው ብዙ ጊዜ ከአንድ ነገር ለማምለጥ ስንፈልግ መሆኑ ነው። ማርቆስ 7 ላይ ፈሪሳውያንና ጻፎች ለወላጅ የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ ያስቀሩ ነበር። ከላይ ሲታይ ለእግዚአብሔር መስጠት ትልቅ ሐሳብ ነው። ጌታ ግን የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ አላቸው። አትግደል፣ አታመንዝር፣ አትስረቅ የሚሉት ደግሞ እንደ ጣራው የጥንት ቤት አሠራር የላቸውም፤ ለየትኛውም ዘመን እንዳሉ ይቆማሉ። እንዲያውም ጌታ አትግደልን እስከ ቁጣ፣ አታመንዝርን እስከ ምኞት አወረዳቸው።

እኔ ራሴን የምፈትንበት አንድ መንገድ አለ። ያገኘሁት ሐሳብ ከፊደሉ የቀለለ ግዴታ ካሸከመኝ እጠራጠራለሁ። መጻተኛዋ ሩት ልትቃርም የገባችበትን እርሻ ባለቤት ቦዔዝን አስቢ። ሕጉ የጠየቀው የእርሻውን ዳር ሳያጭድ፣ የወደቀውን ሳይለቅም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ነበር። እርሱ ግን ጎልማሶቹን ሆነ ብላችሁ ከነዶው ጣሉላት፣ አትገሥጿትም አላቸው። ሩት ያን ቀን የለቀመችውን ስትወቃው ኢፍ በሚባለው ትልቅ የእህል መስፈሪያ አንድ ኢፍ ገብስ ሆነ። እርሱ ሕጉ ለምን እንደ ተሰጠ ገብቶት ነበር።

አንቺ እርሻ የለሽም፤ ደመወዝና ጊዜ ግን ይኖርሽ ይሆናል። የዚያ ዳሩ የት ነው? ይህን እኔ አልወስንልሽም። ሩት ምዕራፍ 2ን አንብቢና ወደ ዘሌዋውያን 19 ተመለሺ። ከዚያ ጻፊልኝ፤ ወንድምሽም ጥያቄ ካለው አብሮ ይላክ።