አይጥ የለም ብለሽ አትተይው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ፔዳ ግቢ የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። አምና አባትሽ የልብ ደም ስራቸው ተዘግቶ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅባትን ኦክሳይድ የሚያደርጉ (ከኦክስጅን ጋር የሚያዋህዱ) ኢንዛይሞች በደም ስር መጥበብ ላይ ያላቸውን ሚና ማጥናት ፈለግሽ። እናትሽ ግን «ይኼ እንጀራ አይሆንም፣ ባንክ ሞክሪ» ይላሉ። ጓደኞችሽም «ባሕር ዳር ላይ የሙከራ አይጥ ከየት ታመጫለሽ?» አሉሽ።

እኔ አጥኚው እላለሁ። እናትሽም ግን እውነት አላቸው፣ እንጀራው ይታሰብ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል።

መጀመሪያ ጉዳዩን በደንብ ያዢው። የማስተርስ ቃለ መጠይቅ ላይ «ኮሌስትሮል ደም ስር ይደፍናል» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ። ሴል ኤልዲኤልን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኮሌስትሮል ተሸክሞ የሚዞረውን ቅንጣት፣ የሚያስገባበት የራሱ በር አለው፤ ኮሌስትሮል ሲበዛበት በሩን ይቀንሳል። ብራውንና ጎልድስቲን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ኤልዲኤሉ የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኦክሳይድ ሲሆን ግን ማክሮፌጅ የሚባለው ሴል በሌላ በር ያስገባዋል። ያ በር ሴሉ ቢጠግብም አይዘጋም። ሴሉ በቅባት ተሞልቶ አረፋ ይመስላል፤ የደም ስር ቁስሉ የሚጀምረው እነዚህ አረፋ ሴሎች ሲከማቹ ነው። ኤልዲኤልን ለዚህ ያበቃሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ኢንዛይሞች መካከል 15-ሊፖክሲጅኔዝና ማይሎፐርኦክሲዴዝ አሉ።

ተጠርጣሪ ናቸው ማለቴን ልብ በይ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማክሮፌጃቸው 15-ሊፖክሲጅኔዝን አብዝቶ እንዲሠራ የተደረጉ ጥንቸሎች የደም ስር ቁስላቸው ቀነሰ። በ1999 ደግሞ ይህ ኢንዛይም የጎደላቸው አይጦች ቁስላቸው ቀነሰ። አንዱ ላይ ሲጨመር፣ ሌላው ላይ ሲጎድል፣ ውጤቱ አንድ! በ2000 የወጣው ትልቁ የሆፕ ጥናት ደግሞ ኦክሳይድ መሆንን ይከላከላል የሚባለው ቫይታሚን ኢ ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንዳልቀነሰ አሳየ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ ይኼ ነው። ነገሩ ገና አላለቀም፤ ያላለቀ ነገር ደግሞ ተመራማሪ ይፈልጋል። ፈታኞችሽ ፊት ይህን ተቃርኖ አስረጂ፤ አንብበሽ እንደመጣሽ ያውቃሉ።

አሁን ወደ አይጡ። አትፈልጊውም። ገበያ ወርደሽ ግማሽ ኪሎ አኩሪ አተር ግዢ። የተቆላ እንዳይሆን፤ እሳት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ሊፖክሲጅኔዝ ከሰው 15-ሊፖክሲጅኔዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ፍሬውን ዘፍዝፊ፣ ፍጪ፣ በበረዶ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ አሟሚው፣ አጥልይው። ከዚያ ሊኖሌይክ አሲድ በሚባለው የቅባት አሲድ ላይ ጠብታ ጨምሪበት፤ ፒኤቹ 9 አካባቢ ይሁን። ስፔክትሮፎቶሜትሩን (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካውን መሣሪያ) 234 ናኖሜትር በሆነው ብርሃን ላይ አድርጊና ቁጥሩ ሲወጣ ተመልከቺ። ኦክስጅን ሲገባበት የቅባቱ ድርብ ቦንዶች ተቀያይረው ያንን ብርሃን መዋጥ ይጀምራሉ፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ሲሠራ በዓይንሽ ያየሽ ያህል ነው። በእርግጥ ይህ ስለ አባትሽ ደም ስር ማስረጃ አይሆንም። መለካት ግን ያስተምርሻል። የመመረቂያ ሥራሽ ይሁን። አማካሪሽን ከአሁኑ አናግሪ፤ ግንቦት ደርሶ ኬሚካል መለመን ያስጨንቃል።

እንጀራውም ያለው እዚሁ ነው። ሊኖሌይክ አሲድ በብዛት የሚገኘው የት መሰለሽ? ኑግ ዘይት ውስጥ። እናትሽ የከረመ ዘይት አሽትተው «ተበላሽቷል» ሲሉ፣ ያሸተቱት ኦክሳይድ የሆነ ቅባት ነው፤ እዚያ ላይ ኢንዛይም ባይኖርም አየርና ብርሃን ያደርጉታል። የዘይት ፋብሪካ የጥራት ላብራቶሪ ቅባት ኦክሳይድ ሲሆን የሚፈጠረውን የፐርኦክሳይድ መጠን የሚለካው ለዚህ ነው። ቡሬም ደብረ ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ አለ። የሥራ ማመልከቻሽ ላይ «ቅባት ኦክሳይድ ሲሆን መለካት እችላለሁ» ብለሽ መጻፍ «ታታሪ ነኝ» ከማለት ይሻላል። አንድ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ወደ ሜዲካል ባዮኬሚስትሪ ማስተርስ መግባት አያሳፍርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ አለ፤ የኬሚስትሪ ዲግሪ ይቀበሉ እንደሆነ ግን ከማመልከትሽ በፊት ጠይቂ። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሥራ ደግሞ የራሱን ትምህርትና የሙያ ፈቃድ ስለሚፈልግ በእሱ አትቁጠሪ።

ለእናትሽ በቃል ብቻ አታስረጂ። ትንሽ ኑግ ዘይት በሁለት ብልቃጥ ቅጂ። አንዱን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ሌላውን ክዳኑን ከፍተሽ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አስቀምጪ። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱንም ያሽትቷቸውና ስለ ትምህርትሽ ያኔ አውሪያቸው። ላብራቶሪ ስትገቢ ደግሞ የኳርትዝ ኩቬት (ፈሳሹ ለመለካት የሚቀዳበት ትንሽ ዕቃ) እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በተራ ብርጭቆ 234 ላይ ምንም አታነቢም። ውድ ስለሆነ በጠርዙ ያዢው፣ ጣትሽ አይረፍበት።