መልስ፦ አንባቢስ ምን ይፈጥራል?

ወንድሜ፣ «ልብ ወለድ ውስጥ ፈጠራው የደራሲው ነው፤ አንባቢ የቀረበለትን ከመቀበል ሌላ ምን ይሠራል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እንኳ አልስማማም።

እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጎራ በልና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ተመልከት። ራሰ በራ፣ ትከሻውን ሰብስቦ የቆመ፤ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው የሚመስለው። ደራሲ «አባ ኮዳው ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ አፍጥጦ አየው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የሽማግሌውን ፊት፣ የጀልባውን ቀለም፣ የሐይቁን ሽታ ማን ጨመረው? አንተ ነህ። የእኔ ሽማግሌ አጎቴን ይመስላል፤ ያንተው ሌላ ሰው ነው።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ የየራሱን ሰብለ ወንጌል ሠርቷል። ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲቀየር «ኧረ እሷ እንዲህ አይደለችም!» ብለን የምንጣላውም ለዚሁ ነው።

ጎበዝ ደራሲ ይህን ስለሚያውቅ ክፍት ቦታ ይተዋል። ሁሉን ካላስረዳሁ የሚል ግን እንቅልፍ ያመጣል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። አንዲት ጓደኛዬ አጭር ልብ ወለዴን ወስዳ ጀግናው ለምን እንዳለቀሰ የሚተነትኑትን ሦስት አንቀጾች ሰረዘችብኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በኋላ ያነበቡት ሰዎች ግን ለልቅሶው እኔ ያላሰብኳቸውን ምክንያቶች ነገሩኝ። አንዱ ከእኔው ይሻል ነበር፣ እውነቴን ነው።

ካላመንከኝ አሁን የያዝከውን መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ዝጋው። መጨረሻውን ራስህ ጻፍና ከዚያ ክፈተው።