የተቀረጸ በር ለማሠራት ላሰቡት፦ መጀመሪያ የእንጨቱን እርጥበት ያስለኩ

ለሳሎንዎ በእጅ የተቀረጸ የእንጨት በር ለማሠራት አስበው «ምን ልጠንቀቅ?» ብለው ጠይቀዋል። ስለ ንድፉ ሌሎች ብዙ ስለመከሩዎት፣ እኔ ገንዘቤን ያስበላኝን ነገር ልንገርዎት።

1. ቀራጺው መሮውን ከማንሳቱ በፊት የጣውላውን እርጥበት በመለኪያ ያስለኩ። ቤት ውስጥ ለሚቆም ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ ተስማሚ ነው። የጣውላው ጫፍ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ጫፉን አይመኑ፤ ወደ መሃል ገባ ብለው አስቆርጠው አዲሱን ፊት ይለኩ። እኔ ልለካ ስል በሩን ያሠራሁበት የእንጨት ሥራ ድርጅት ባለቤት «ሥራችንን አታስተምረን» ብሎ በሠራተኞቹ ፊት አመናጨቀኝ፤ አፍሬም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው።

2. የተቀረጸው የመሃል ጣውላ ከፍሬሙ ጋር በኮላ እንዳይጣበቅ አጥብቀው ይንገሩ። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ስለዚህ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ መላወሻ ሊኖረው ይገባል። የእኔን ግን በአራቱም ጠርዝ በኮላ ቆልፈውት ነበር። በሩ በተተከለ በአምስተኛው ወር፣ ሌሊት ላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ቀሰቀሰን። ጠዋት ሳየው ስንጥቁ ከላይ ተነሥቶ፣ በላዩ የተቀረጸውን የወይን ሐረግ አቋርጦ፣ ቀራጺው ቀናት የፈጀበትን ትልቁን አበባ ለሁለት ከፍሎታል። ቅሬታዬን ይዤ ስሄድ ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቤትህ ስለሚሞቅ ነው» አለኝ። ጥፋቱ የቀራጺው አልነበረም፤ እጁ የተባረከ ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን በር ስናሠራ በቀጥታ ያንኑ ቀራጺ ፈልጌ አገኘሁት፤ የእርጥበቱን መጠንና የመሃሉ ጣውላ ያለ ኮላ እንደሚገባ በውላችን ላይ አሰፈርን፤ እንጨቱም እስኪደርቅ ወራት ታገሥኩ። ጣውላው ሲጠብ ያልተቀባ ነጭ መስመር እንዳይወጣ፣ ፍሬሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠርዙም ጀርባውም ቫርኒሽ እንዲቀባ አደረግን። አሁን ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በደረቁ ወራት ጣውላው በትንሹ ይሸሻል፣ እርጥበት ሲመጣ ይመለሳል፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት የመሮው አሻራ በየቅጠሉ ላይ ይታያል፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። እርስዎም ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መለኪያ ይዘው ይሂዱ፤ አናስለካም ካሉዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።