ቁጥሩና «አልሐምዱሊላህ»፦ ለደሴዋ ነርስ

ውድ እህቴ፣

ደሴ ውስጥ አራት ዓመት በነርስነት እንደሠራሽ፣ የካንሰር ሕመምን በልብ ምት መለዋወጥ ስለ መለካት አንብበሽ ልብሽ እንደ ተነሣ ጽፈሽልኛል። «ሥራዬን ለቅቄ ኮምፒውተር ልማር ወይ?» ብለሻል። አትልቀቂ።

አክስቴ የወሎዋ ቃሉ ወረዳ ሰው ነበረች። ካንሰሩ አጥንቷ ከገባ በኋላ ነርሷ «ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» ብትላት «አልሐምዱሊላህ» አለች። ደግማ ብትጠይቃት «አብሽሪ ልጄ» ብላ ራሷ ነርሷን አጽናናቻት። ካርዱ ላይ 2 ተጻፈ፤ ማስታገሻውም በዚያው ልክ ታዘዘ። እኔ ግን ከጋቢው ሥር አንሶላውን ጨምድዶ የያዘ እጇን አይ ነበር።

አንቺን የሳበሽም ይኸው ይመስለኛል፤ አፍ የሸሸገውን ልብ ይናገር እንደሆነ። ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት አይመታም። በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ እንኳ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ አንዴ 950፣ አንዴ 1040 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ትንፋሽ ስናስገባ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይረጋጋል። የዚህ ዋና አዛዥ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ሕመም ሲበረታ የነርቩ ድርሻ ይቀንስና መለዋወጡ ይጠብባል። በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ከዚህ ተነሥቶ የተሠራ፣ ከ0 እስከ 100 የሚያሳይ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ይሠራበታል።

እዚያ ግን ታማሚው በማደንዘዣ ተኝቷል፤ ሕመሙም የቢላ ነው። የአንቺ ታማሚዎች ለወራት የታመሙ ናቸው። ፍርሃት፣ ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ራሱ ማስታገሻው ሞርፊን፣ ልብን ሊጎዳ የሚችለው የካንሰር መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን፣ ሁሉም ያንኑ ቁጥር ያናውጡታል። (ከአቦል እስከ በረካ ጠጥታ የመጣች ወሎዬ ላይ ስትለኪ ደግሞ አስቢው!) ስለዚህ የአንዷን ቁጥር ከሌላዋ ማወዳደር ብዙም አይጠቅምሽም። ያችኑ ሴት ሞርፊን ከመውሰዷ በፊትና በኋላ፣ በአንድ ዓይነት አተኛኘት፣ አምስት አምስት ደቂቃ መቅዳት ግን ቁም ነገር አለው። መድኃኒቱ መቼ እንደ ተሰጠ፣ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚያገረሽ የምታውቀው ደግሞ ነርሷ ናት። ፕሮግራም የሚጽፍ አይጠፋም።

ዘመናዊውን የሆስፒስ እንክብካቤ፣ ማለትም በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማንን ማስታመም፣ የመሠረተችው ሲስሊ ሳውንደርስም በነርስነት ጀምራ ነው እ.ኤ.አ. በ1957 ሐኪም የሆነችው።

ዘንድሮ ኢሲጂ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት፣ መቅዳትና ማንበብ ተለማመጂ። ያለ ቦታው የገባች አንዲት ምት ሙሉውን ስሌት ታበላሻለችና እርሷን መለየት ካልቻልሽ ሶፍትዌሩ አያድንሽም። ቀጥለሽ ስታቲስቲክስ፤ ፓይተን የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በትርፍ ጊዜሽ ይደርሳል። ሁለተኛ ዲግሪሽን በነርሲንግ ወይም በኅብረተሰብ ጤና ያዢና ጥናቱን የመመረቂያ ጽሑፍሽ አድርጊው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አጋር ከፈለግሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይኖርሽ ግን አንዲት ሴት ላይ እንኳ ሽቦ እንዳትለጥፊ።

ፈታኞችሽ «መሣሪያው ሕመም የለም፣ ታማሚዋ አለ ብትል ማንን ታምኛለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ታማሚዋን፤ በቁጥር ተሟግቶ ሞርፊን የሚከለክል ሰው እንዳይመጣ እሰጋለሁ። መሣሪያው ሕመም አለ ሲል እርሷ «አልሐምዱሊላህ» ካለች ደግሞ ወንበር ስበሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርገሽ እጇን እዪው።