በፋሲካ ስጦታ ደብቆ ልጆችን ማስፈለግ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ከጎንደር አዘዞ ነው የምጽፍልዎ። እኛ አራት ቤተሰብ ነን፣ ድሮ አንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን ጓደኛሞች፣ ልጆቻችንም አብረው ነው ያደጉት። የባለቤቴ እህት ከውጭ መጥታ ካስጀመረችን ወዲህ በፋሲካ አንዳችን ቤት እንሰበሰብና ግቢው ውስጥ ቸኮሌት፣ አሻንጉሊት፣ ቀለም የተቀባ እንቁላል ምናምን ደብቀን ልጆቹ ይፈልጋሉ። አማቴ ግን "የፈረንጅ ባዕድ አምልኮ ነው" ብለው ተቆጡ። አምና ደግሞ ቅዳሜ ማታ ስንደብቅ አምሽተን ደክሞን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሳንሄድ ቀረን፣ እሱም ከነከነኝ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅን በስጦታ ማስደሰት አምልኮ አይደለም፣ በዚህ አትጨነቂ። እንቁላሉም ቢሆን ከጾም ጋር የተያያዘ ነው፣ ድሮ የምዕራብ ክርስቲያኖችም እንደኛ በዐቢይ ጾም እንቁላል አይበሉም ነበርና ጾሙ ሲፈታ የደስታ ምግብ ሆነ፣ ግሪኮች ደግሞ እስከዛሬ ቀይ እየቀቡ የክርስቶስን ደም ያስቡበታል። ጥንቸል አመጣችው የሚባለው ግን የጀርመን ተረት ነው፣ እሱን ተዉት። ልጁ "ለምንድነው ስጦታው?" ሲል ክርስቶስ ስለተነሳ ነው በሉት።

የሌሊቱ ነገር ግን ቀላል አይደለም። 55 ቀን ጾመሽ ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲል "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ሳትዪ እንቅልፍ ሲወስድሽ ያሳዝናል። እሁድ ከሰዓት ደብቁት፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ቅዳሜ እኮ ገና ጾም ነው፣ ቸኮሌቱ ወተት አለበት፣ ልጅ ካገኘው ደግሞ መቅመሱ አይቀርም።

እኔን የከነከነኝ ያልጠየቅሽው ነው። ስጦታው ሲፈለግ የግቢው በር ክፍት ነው ወይስ ዝግ? አንድ ፋሲካ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ሁለት ልጆች በቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲያዩ አገኘኋቸው፣ ውስጥ ልጆች እየጮሁ ይሯሯጣሉ፣ ምን እያያችሁ ነው ስላቸው ትልቁ "ስጦታ እየፈለጉ ነው" አለኝና ትንሹን እጁን ይዞት ሄደ፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም። በቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሲመጡ የማን ልጅ ነህ ብለን አንጠይቅም፣ ሙልሙሉ ለመጣ ሁሉ ነው። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን ወዳጆችህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ ይላል፣ እናንተ አራት ቤት ደግሞ ዘንድሮ እዚህ ከርሞ እዚያ እየተባባላችሁ የምትመላለሱ ናችሁ። ጓደኝነታችሁን ተዉ አላልኩም፣ እሱ በረከት ነው፣ ግን የሰፈሩን ልጆችም ጨምሩ፣ የጥበቃውንም የሠራተኛዋንም ልጅ።

ሌላው፣ ፈጣኑ ስድስት አግኝቶ ትንሿ ባዶ እጇን እንዳታለቅስ እንደ ቅርጫ መደብ እኩል አድርጉት፣ በየስጦታው ላይ ስም ጻፉበትና ሁሉም የራሱን ይፈልግ፣ የሌላውን ያገኘም አይውሰድ፣ ለባለቤቱ ይጥራለት። ብር ካነሰ ቸኮሌቱ ይቅርና ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ዳቦም ይሆናል። እማማን ደግሞ አትከራከሪያቸው፣ በዓሉ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ነው። በሩ ላይ ወንበር አውጪላቸውና የሰፈሩ ልጅ ሲመጣ "ግባ ልጄ" የሚሉት እሳቸው ይሁኑ፣ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊትም የትንሣኤውን ታሪክ ለልጆቹ ይንገሯቸው።