4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ ላልከው
ወንድሜ፣ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው ወይ ብለሃል። በ3፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ሞክረህ እምቢ ብሎሃል። ብቸኛ አይደለም፤ 641 × 6,700,417 ነው።

መልሱን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ግን ይቆጨኛል። ተማሪ ሳስጠና ይሄን ቁጥር ደጋግሜ እሰጣለሁ። አብዛኞቹ እንዳንተ ከትንሹ ጀምረው ተራ በተራ ያካፍላሉ። በዚህ መንገድ ከሄድክ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ፣ ማለትም እስከ 65,536፣ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ማን ይጨርሰዋል? ከማካፈልህ በፊት ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ እይ።

ያንተው ቁጥር 2³² + 1 ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፈርማ እ.ኤ.አ. በ1640 እንዲህ ያሉ ቁጥሮች (2¹ + 1፣ 2² + 1፣ 2⁴ + 1፣ 2⁸ + 1 እያለ ኃይሉ በእጥፍ የሚሄድ) ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ገምቶ ነበር። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 እውነትም ናቸው። ቀጣዩ ይሄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1732 የሒሳብ ሊቁ ኦይለር አካፋዩን አግኝቶ ግምቱን አፈረሰው።

ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ብቸኛ ቁጥር የሆነ የ2³² + 1 አካፋይ ሁሉ ለ128 ሲካፈል የግድ 1 ይቀረዋል። እስከ 128 ያጠበበው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ነው፤ ኦይለር በ64 ነበር ያሳየው። እንግዲህ እጩዎቹን ደርድር፦ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641። 129 እና 513 በ3 ይካፈላሉ፣ 385 በ5፤ ስለዚህ ብቸኛ አይደሉም። በ257 ስታካፍል 2 ይቀርሃል። ቀጥሎ 641 ነው፣ አለቀ!

ማካፈሉም ቢቀር ይሻላል። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ ደግሞም 5⁴ + 2⁴ ነው። ለ641 ሲካፈል የሚቀረውን ብቻ እንከታተል። ከመጀመሪያው፣ 5 × 2⁷ እንደ −1 ይሆናል። አራት ጊዜ በራሱ ስናባዛው 5⁴ × 2²⁸ እንደ 1 ነው። ከሁለተኛው ደግሞ 5⁴ እንደ −2⁴ ነው። ስንተካው −2³² እንደ 1 ሆነ። ስለዚህ 2³² + 1 ቀሪ የለውም። እንደዚህ ያማረ ማረጋገጫ ብዙ አላውቅም።

ሌላም ጠባይ አለው። 65,536² + 1² መሆኑ ግልጽ ነው። ግን 62,264² + 20,449²ም ነው፤ በካልኩሌተር አረጋግጠው። ብቸኛ ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ በሁለት መንገድ አይጻፍም። አካፋዩን ሳታውቅ እንኳ ይሄ ብቻ ይበቃህ ነበር።

በፕሮግራም የምትሞክር ከሆነ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። በ2 መሠረት የሚሠራው የፈርማ ፈተና (ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ሳያካፍሉ የሚፈትሹበት ዘዴ) ይሄን ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ያሳልፈዋል፤ በ3 ስትፈትነው ነው የሚጋለጠው። ምልክት በሌለው 32 ቢት ውስጥ ካስቀመጥከው ደግሞ ሞልቶ ይፈስና 1 ብቻ ይቀርሃል። 64 ቢት ተጠቀም።